በባዩ ስም

ሀረገወይን ለማንም ሳትናገር ለዓመታት የምትደሰትበት አንድ ነገር ነበራት፤ የቤቷ ግብር። ሌላዋ ሴት በወርቅ፣ በልጅ፣ በባል ሹመት ደስ ይላታል። እሷ ግን በየዓመቱ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ታንክስጊቪንግ ሲቃረብ ዳውንታውን ኦክላንድ ወዳለው የካውንቲ ግብር ቢሮ ትሄድና፣ ግብሯን ከፍላ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብላ ታማትባለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ቤቱን የገዛው ባሏ ክንፉ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ከሱዳን በስደት በመጡ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰው ሁሉ ሰፈሩን ጥሎ በሚሸሽበት ጊዜ፣ ልጆቿ ዘንድ ለመሄድ ከቸኮለች አሮጊት ላይ በርካሽ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ተወደደ። አጥር የሚጋራት ቤት፣ አንድ አናጢ በአንድ ልክ የሠራቸው የሚመስል የእሷው ቤት መንትያ፣ ለወጣት ባልና ሚስት ተሸጠ። ሚስትየዋ አንድ ቅዳሜ በአጥሩ ላይ ስለ ግብሯ ስታማርር ሀረገወይን መጠኑን ሰማችና አትክልት የምታጠጣበት ጎማ ከእጇ አመለጠ። ሴትየዋ የምትከፍለው የእሷን ሦስት እጥፍ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። መንግሥት ረስቶኛል ብላ ደመደመች፤ የረሳውን መንግሥት ደግሞ የትኛው ሞኝ ነው ሄዶ የሚያስታውሰው? ዝም አይነቅዝም።

ሰው ሰምቶ ይስቅባት ይሆናል። የሚስቅ ግን የእናቷን መጨረሻ ያላየ ነው። እናቷ ጉለሌ የሚኖሩበት አንድ ቤት፣ ሰባራ ባቡር ደግሞ የሚያከራዩት አንድ ቤት ነበራቸው። በስድሳ ሰባት ክረምት የትርፍ ቤት አዋጅ በሬዲዮ ሲነበብ እናትየው ምስር እየለቀሙ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ተባሉ። ባል የሞተባት ሴት ልጆቿን ያሳደገችበት ኪራይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ። ሐኪሙ ደም ግፊት ነው አለ፤ ሀረገወይን ግን ምን እንደገደላቸው ታውቃለች። ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ፅጌረዳን ግን ማንም አልነካቸውም። ወሬው ከአዋጁ ቀድሞ ደርሷቸው፣ ሁለተኛ ቤታቸውን በእህታቸው ልጅ ስም አዙረው ጠበቁት። ሀረገወይን ከዚያ ሁሉ መከራ ይዛ የወጣችው ትምህርት ይህ ነው፤ ሁለት ቤት በአንድ ስም አይያዝም።

ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ አላስፈለጋትም። የነበራት አንድ ቤት ብቻ ነዋ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ግን ልጇ ዮዳሄ ሳን ሆዜ ውስጥ ከአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ሥራ ይዛ፣ ትንሽ ቤት ልትገዛ ተነሳች። ባንኩ ደመወዟ ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ሰው አብሯት ይግባ አለ። እናት እያለች ሌላ ማን ይገባል? ሀረገወይን አንሶላ ከምትተኩስበት የሆቴል ላውንድሪ ፈቃድ ጠይቃ ሄደችና ፈረመች። ስትፈርም አንደኛው ገጽ ላይ የኦክላንዱም የሳን ሆዜውም ቤት አድራሻ ከስሟ ሥር ተደርድረው አየች። ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳች።

"እማ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለቻት ዮዳሄ።

"ደስታ ነው" አለች።

የምን ደስታ! እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ያን ሰሞን እህልም እንቅልፍም እምቢ አላት። የኦክላንዱን ቤት ለዮዳሄ እንዳታዞር፣ ዮዳሄ ራሷ ባለ ሁለት ቤት ልትሆን ነው። ትርፉን ከራስ አንስቶ በልጅ ራስ ላይ መጫን ደግሞ ምን የሚሉት እናትነት ነው? እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ ዓይኗ ባዩ ላይ አረፈ።

ባዩ የክንፉ የእህት ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ሚስቱን ሰገነትንና ገና የምትድህ ልጁን ወንጌላዊትን አዲስ አበባ ትቷቸው ነው የመጣው። ሀረገወይን የኋለኛውን ክፍል ያለ ኪራይ ሰጥታዋለች፤ እሱ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ዝምተኛ ነው፤ ሲያኝክ እንኳ ድምፅ የለውም እያለች ታሾፍበታለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የክንፉ ፎቶግራፍ ፊት አስቀመጠችውና ሐሳቧን ነገረችው።

"እትዬ፣ እዚህ አገር እንደዚያ ያለ ሕግ ያለ አይመስለኝም" አላት ባዩ።

"እዚያስ መቼ ነበር? በሬዲዮ ነው የመጣብን። አሁን በአጎትህ በክንፉ አጥንት ማልልኝ። ቤቱ በስምህ መሆኑን ለማንም አትናገርም። ለዮዳሄም፣ ለሰገነትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

ባዩ የሰገነት ስም ሲነሳ ትንሽ አመነታ። ግን ማለ። የሞተ ሰው አጥንት ተጠርቶበት የማለ ሰው፣ በተለይ እንደ ባዩ ያለው፣ ቢገድሉትም አይናገር።

ሰነድ የሚያረጋግጥ ሰው ሱቅ አብረው ሄዱ። ሰውየው ወረቀቱን እየሞላ "ልጅሽ ነው?" ብሎ ጠየቃት። "የባሌ የእህት ልጅ ነው" አለች፤ በመሐላ በሚፈረም ነገር ላይ አትዋሽም። ሰውየው አንድ ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ። ባዩ የቤት ባለቤት ሆኖ ወጣ፤ እሷም እንቅልፏን አገኘች።

ከዚያ በኋላ የግብሩ ወረቀት የሚመጣው በባዩ ስም ሆነ። ሀረገወይን ታንክስጊቪንግ ሲቃረብ ድሮ የምትከፍለውን ያህል፣ በዓመቱ የሚጨምረውን ትንሽ ነገር ጨምራበት፣ በፖስታ አድርጋ ትሰጠዋለች። "ይበቃል?" ትለዋለች። "ይበቃል እትዬ" ይላታል። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ።

ባዩ ግን ሌላ ሰው ሆነ። አፕታውን በሚባለው ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ኳስ የሚያይበት ቅዳሜ ቀረ። ታክሲውን ከሌላ ሾፌር ጋር በፈረቃ መያዙን ትቶ የሁለቱንም ፈረቃ ብቻውን ይነዳ ጀመር። ሄይዋርድ ውስጥ ለሚስቱና ለልጁ አይቶት የነበረውን አፓርታማ ተወው። ሰገነት ለፋሲካ ትመጣለች ተባለ፤ ከዚያ ለእንቁጣጣሽ ተባለ፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ፋሲካ።

ሀረገወይን ደግሞ አይታ የምታልፍ ሴት አይደለችም። "አንተ ሰውዬ፣ ሚስት በስልክ ትያዛለች እንዴ?" ትለዋለች። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ይሄ ልጅ ከሚስቱ ዶላሩን አብልጦ ይወዳል" ብላ ሰው ሁሉ አሳቀችበት። ባዩም አብሮ ሳቀ። 

በዘጠና ዘጠኝ የዮዳሄ ደመወዝ አድጎ የሳን ሆዜውን ቤት ብድር በራሷ ስም ብቻ አዛወረች፤ የእናቷም ስም ከቤቱ ወጣ። ሀረገወይን እፎይ አለች። አሁን በስሟ ምንም ቤት የለም፤ የኦክላንዱን ብትመልሰው አንድ ብቻ ይሆናል። ጡረታም ልትወጣ ስለሆነ በገዛ ስሟ ቤት ውስጥ መቀመጥ አማራት። ዮዳሄን "ዳውንታውን አድርሺኝ" አለቻትና ምስጢሩን መኪና ውስጥ አወጣችው።

ዮዳሄ መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመች። "ዋት? እማ፣ ዚስ ኢዝ አሜሪካ! እዚህ እኮ ሰው ሃያ ቤት አለው። ኖባዲ ኬርስ!"

"ዛሬ ነዋ። ነገን ማን አየ?"

"ኦኬ፣ ግን ለምን ለኔ አልነገርሽኝም? ዋይ ባዩ?"

"አንቺን ላድን ብዬ ነዋ!"

ዮዳሄ ከአገር ስትወጣ ነፍስ ያላወቀች ልጅ ነበረች፤ አያቷን አታስታውሳቸውም። ሞተሩን አስነስታ ነዳች።

የካውንቲው ቢሮ ውስጥ ያስተናገደቻቸው መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። አድራሻውን ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገብታ አየችና ቀስ እያለች ማስረዳት ጀመረች። ሀረገወይን ግማሹን ራሷ ሰማች፤ ግማሹን ዮዳሄ ተረጎመችላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ስቴት የቤት ግብር የሚሰላው ቤቱ ዛሬ በሚያወጣው ዋጋ አይደለም፤ ባለቤቱ ቤቱን ባገኘበት ጊዜ በነበረው ዋጋ ነው። ሰፈሩ ቢወደድ፣ ቤቱ አምስት እጥፍ ቢያወጣ፣ የግብሩ ግምት በዓመት ከመቶ ሁለት በላይ ከፍ አይልም። ይህ የሚሆነው ግን ቤቱ እጅ እስካልቀየረ ድረስ ነው። ተሽጦም ይሁን በስጦታ ወደ ሌላ ሰው ከዞረ፣ የድሮው ግምት ይቀርና ቤቱ በዕለቱ ገበያ እንደ አዲስ ይገመታል። ጎረቤቷ ሦስት እጥፍ የምትከፍለው ዘግይታ ስለገዛች ነበር። ሀረገወይንንም መንግሥት ረስቷት አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ከልሎ ያኖራት ሕጉ ራሱ ነበር፤ ያንን ከለላ በገዛ እጇ ፈርማ ያስነሳችው እሷ ናት።

"ለልጅዎ ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ማመልከቻ ብቻ አስገብታ በድሮው ግምት ትቀጥል ነበር" አለች ሴትየዋ። ዮዳሄ ይህንን አልተረጎመችም። ሀረገወይን ግን ሰምታዋለች።

"አሁን ወደ ስሜ ብመልሰውስ?"

"መመለስ ይችላሉ። ግን እሱም እጅ መቀየር ስለሆነ በዛሬው ዋጋ ነው የሚገመተው፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያን ጊዜ ይበልጥ ተወዷል። ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።"

ዮዳሄ ወደ እናቷ ዞር አለች። "እማ፣ አንቺ ለባዩ የምትሰጪው ድሮ የምትከፍዪውን ያህል ነው አላልሽኝም? ልዩነቱን ታዲያ ማነው የሚከፍለው?" ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ለሴትየዋ ደገመችላት።

"ባለቤቱ ነው" አለች ሴትየዋ ስክሪኗን እያየች። "አንድም ጊዜ የመክፈያ ቀኑን አላሳለፈም።"

ሀረገወይን የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማ ነበር፤ የሚያደርሰው ፍርሃቱ ራሱ እንደሆነ ግን የነገራት አልነበረም። በደርግ ጊዜ የምትረግመው ሰው ነበራት። ሃያ ዓመት ሙሉ አዋጅ ያወጡትን፣ ቤት የመዘገቡትን፣ ቁልፍ የተቀበሉትን እያነሳች ስትረግም ኖራለች። አሁን ማንን ትርገም?

ዮዳሄ እቤት አድርሳት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባዩ ግቢ ውስጥ የታክሲውን ምንጣፍ እያራገፈ ነበር። ሀረገወይን ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፊቱ ቆመች።

"ስንት ነው የጨመርክበት?" አለችው።

ከየት እንደመጣች ወዲያው ገባው። ምንጣፉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ይተዉት እትዬ። ያለፈ ነገር ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርዎት? ያኔ እርስዎ ተገላገልኩ ብለው ስለትዎን ሊያስገቡ ነበር። ግብሩ ዘለለ ብልዎት፣ መንግሥት ደረሰብኝ ብለው እንደ እናትዎ ይሆኑብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞስ ያለ ኪራይ አስቀምጠውኝ፣ ከድስትዎ እያበሉኝ፣ ገንዘብ አነሰኝ ለማለት ምን አፍ አለኝ?"

"ለዮዳሄ አትነግራትም ነበር?"

"አስምለውኛል እኮ።"

ሀረገወይን የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ አልፈለገችም፤ መልሱን ልቧ ነግሯታል። ቢሆንም ጠየቀች። "የሰገነት ትኬትስ?"

ባዩ እጁን በሱሪው ጠረገ። "መጀመሪያ ቤቱ በስሜ ከዞረበት ቀን ጀምሮ ያለው የግብር ልዩነት ተጠራቅሞ ለብቻው መጣ። ያን ጊዜ ያስቀመጥኳት ሁሉ በእሱ አለቀች። እንደገና ሳጠራቅም የሚቀጥለው ይደርሳል። እሷ ደግሞ በየጊዜው ትጠይቀኛለች። ዘንድሮም አልተመቸኝም እላታለሁ። ሌላ ሴት ይዘሃል አለችኝ። አልያዝኩም አልኳት። ታዲያ ቀንም ሌትም እየሠራህ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው አለችኝ። ምን ልበላት? ዝም አልኳት። ባለፈው ፋሲካ ቀለበቴን በሽማግሌ ለእናቴ መለሰችላት።"

ከፋሲካ ወዲህ ባዩ በዚያች ግቢ ሲወጣ ሲገባ፣ በዚያው ገበታ ሲበላ ከርሟል። ሀረገወይን ሚስትህን መቼ ነው የምታመጣት እያለች የነዘነዘችው ከዚያ በኋላም ነው። ትዝ ሲላት የታክሲው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጠዋት የስልክ ካርድ ገዛች። ሰገነት ቤት ስልክ የለም፤ የሚደወለው ጎረቤት ነው። ደውላ ጥሯት ብላ ስትጠብቅ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት አእምሮዋ ውስጥ እየተመላለሰ አስቸገራት። ቢሆንም ተስፋ ነበራት። ቤቱን እሸጣለሁ፣ ትኬቱን እልካለሁ፣ ጫማዋ ሥር ወድቄም ቢሆን አስታርቃቸዋለሁ ብላ ቆርጣለች።

"ሰገነት፣ እኔ ሀረገወይን ነኝ፤ የክንፉ ሚስት።"

"እትዬ ሀረግ? ምነው? ባዩ ምን ሆነ?"

ቀድማ የጠየቀችው ስለ ባዩ ነው። ሀረገወይን ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ግብሩ።

"ሴት አልነበረችም?" አለች ሰገነት።

"የምን ሴት! የእኔን ቤት ግብር ሲከፍል ነው የኖረው።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም? እኔ እኮ ቢነግረኝ እጠብቀው ነበር። እስከፈለገ ድረስ እጠብቀው ነበር።"

"አሁንም አልመሸም ልጄ። ቤቱን እሸጠዋለሁ። ትኬትሽን እኔ ራሴ እልካለሁ። ልጅሽን ይዘሽ ነይ።"

"እትዬ" አለች ሰገነት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔ እኮ በዚህ በያዝነው ጥቅምት አግብቻለሁ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ወንጌልም ለምዳዋለች፤ አባባ ማለት ጀምራለች።" ቀጥላም "ለባዩ፣ ጠርጥሬህ ነበር፣ ይቅር በለኝ ብላለች በሉልኝ" አለች። ከዚያ ማልቀሷ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

ሀረገወይን ዞር ስትል ባዩ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ለሥራ ለብሷል፤ የመኪናው ቁልፍ በእጁ ነው። ምን ያህል እንደሰማ አታውቅም።

"ደህና ናቸው?" አላት።

"ደህና ናቸው።"

"አገባች?"

መዋሸት አልቻለችም። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሰገነት የላከችውንም ቃል ነገረችው። ባዩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያን ጊዜ ሀረገወይን እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች፤ እሱ ቀድሞ ክንዷን ይዞ ቀና አደረጋት። "ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው" አላት።

"ስማኝ" አለችው። "ቤቱ ያንተ ነው። በሕግም ያንተ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በእግዚአብሔርም ፊት ያንተ ነው። አልመልሰውም፣ ዮዳሄም እሺ ትላለች። እኔ ከዚህ በኋላ ተከራይህ ነኝ። በየወሩ ኪራይ እከፍልሃለሁ።"

ባዩ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ አሰበበት። ቅሬታም ምሬትም ፊቱ ላይ አልነበረም፤ የቸገረውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

"ኪራዩን ታዲያ ለማን እልከዋለሁ፣ እትዬ?" አላት።

ሀረገወይን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለእናቷም ለክንፉም ያላለቀሰችውን ለቅሶ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ እየጮኸች አለቀሰች። ባዩ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ትከሻዋን ያዘ፤ ያን ቀን ሥራ አልሄደም።